አባባ ወልዴ የነገሩን የዘላለም ታሪክ

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ቡታጅራ ዳር በነበረው የሣር ክዳን ቤታችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የእናቴ አጎት አባባ ወልዴ ነበሩ። ተረት ስል ግን የጅብና የጦጣውን እንዳይመስላችሁ። እሱን የጎረቤት ልጆች ከአያቶቻቸው ይሰሙ ነበር፤ እኔም ብሰማ ደስ ባለኝ። የኛ አባባ የሚያወሩልን ስለ ቃላት ነው። አንድ ቃል የት አገር ተወለደ፣ ማን ቤት አደገ፣ በየት በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ይህን ሁሉ ልክ እንደ አንድ የምናውቀው ዘመድ ወሬ አድርገው ይነግሩን ነበር።

አባባ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ወጥተው በግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ዓመት ሻማ ሲያበሩና ወለል ሲጠርጉ ኖረዋል። እዚያ የነበሩት ሽማግሌ የግሪክ ቄስ ብቸኝነት ሲጫናቸው አባባን አስቀምጠው ፊደላቸውን አስቆጠሯቸው፤ ቀስ በቀስም ወንጌሉን በራሳቸው ቋንቋ አስነበቧቸው። አባባ አርጅተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሀብት አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው የግሪክ ወንጌልና ያ ሁሉ የቃላት ወሬ ነበር። ሚስትም ልጅም ስላልነበራቸው እናቴ ቤቷ አስገባቻቸው። አባቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበርና ከመስቀል እስከ መስቀል አናየውም። ስለዚህ የቤቱ ወንድ አባባ ነበሩ፤ የተማሩትም እሳቸው፣ ነገር ሲከብድ የሚጠየቁትም እሳቸው።

ያኔ ከመሸ በኋላ እሳቱ ከምሰሶው ሥር ይነዳል፣ ጭሱ ወደ ጣሪያው ወጥቶ በጥቀርሻ በጠቆረው ሣር መሐል ይጠፋል፣ ከግርግዳው ወዲያ ላማችን ስታመሰኳ ይሰማል፣ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረው ቆጮ ሽታም ቤቱን ይሞላዋል። ጋዝ ውድ ስለነበረ ኩራዙ የሚበራው እንግዳ ሲመጣ ወይም አባባ መጽሐፋቸውን ሲያነቡ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ የአባባን ፊት የምናየው በፍሙ ነበር፤ ፍሙ ሲቀላ ፊታቸው ብቅ ይላል፣ ዐመድ ሲለብስ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጆችም መጥተው አጠገቤ ይኮለኮሉ ነበር።

መስቀሌ የተወለደችው በዚያ ዓመት ሐምሌ ሲገባ ነው። እናቴ ከሷ በፊት ወንድሜን ተክሌን በኩፍኝ አጥታ ስለነበር፣ ልጅቷ ስትመጣ ቤታችን ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፅ ተሰማበት። አንድ ማታ ዝናቡ ሣሩን እየደበደበ አባባ ኤዮን ስለሚባለው የግሪክ ቃል ሊነግሩን ጀመሩ።

«ይህ ቃል ሲወለድ ትንሽ ነበር» አሉ።

ግሪኮች ገና ክርስቶስን ሳያውቁ ኤዮን የሚሉት አንድ ሰው ውስጥ ያለችውን ሕይወት ነበር፤ ጉልበቱን፣ እስትንፋሱን፣ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን መቅን ሳይቀር። ሰው አብዝቶ ሲያለቅስ ኤዮኑ ከእንባው ጋር ይፈሳል ይሉ ነበር፤ ሲሞትም ኤዮኑ ጥሎት ሄደ ይላሉ። ከዚያ ቃሉ አደገና ሰው ከተወለደበት እስከሚሞትበት ያለው ዕድሜ ሁሉ ኤዮን ተባለ። ቀጥሎ የአንድ ትውልድ ዘመን ሆነ፣ ከዚያም የነገሥታት ዘመን። ዕብራውያን ደግሞ መጨረሻው ከዓይን ለተሰወረ ጊዜ የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ መጻሕፍታቸው ወደ ግሪክ ሲመለሱ ተርጓሚዎቹ ያንን ሸክም ሁሉ በዚህ ቃል ላይ ጫኑት።

«ልክ እንደኛ አገር ልጅ» አሉ አባባ። «ከዚህ ሲወጣ እጁ ባዶ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ዓመት ሳይሞላው ሙሉ ሱቅ በጀርባው ተሸክሞ ሲዞር ታገኙታላችሁ።»

ሳቅን። በመጨረሻ የኛ አባቶች ወንጌሉን ወደ ግዕዝ ሲመልሱት «ዓለም» ብለው ስም አወጡለት፤ ቄሱ «ለዓለመ ዓለም» ሲሉ የምንሰማው፣ እኛም ዘላለም የምንለው እሱ ነው አሉን። አንዳንድ የግሪክ ሊቃውንት ከሥሩ «ሁልጊዜ ያለ» ማለት ነው ይላሉ፤ አባባ ግን ይህ ቃሉ ካደገና ከከበረ በኋላ የወጣለት ትርጉም ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሰው ሲከብርስ የዘር ሐረግ መች ይጠፋለታል አሉና ራሳቸው ሳቁ።

እናቴ መስቀሌን እያጠባች ነበር። «የዚችስ ኤዮን እንግዲህ ስንት ይሆን አባባ?» አለቻቸው፣ ለቀልድ ያህል።

«የዚች? ይህችማ እኔንም አንቺንም ቀብራ ነው» አሉ።

ያን ማታ እናቴ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ ያየሁበትን ቀን ባስታውስ ደስ ይለኝ ነበር።

የኛን አገር መስቀል የማያውቅ ሰው የቀረውን ነገር አይረዳውም። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ለመስቀል ይቆያል። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ የሚመጣው ያኔ ነው፤ የተጣላው የሚታረቀው፣ ልጅ የሚታጨው፣ የፈረሰ ቤት የሚሠራው ያኔ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የመስቀሌ ሰማንያም ልክ መስቀል ላይ ገጠመ። ስሟም ከዚያ መጣ፤ ሌላ ስም የክርስትናዋ ዕለት ይወጣላታል ብለን ነው። አባቴም በጭነት መኪና ሹፌር በኩል መልእክት ላከ፦ የክርስትና ልብሷን ራሴ ሰፍቼ አመጣለሁ፣ ሳልደርስ ምንም እንዳታደርጉ አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ያበራውን ፊቷን አልረሳውም። ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ያለ መግጠም ነው እያለ ያወራ ነበር።

ጳጉሜ ላይ ልጅቷ ሳል ያዛት። መጀመሪያ የብርድ ነው ተባለ። አዲስ ዓመት ሲገባ ጡት መያዝ አቃታት፤ ስትተነፍስ ከጎድኖቿ ሥር ቆዳዋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሕፃን ሲታመም ቀኑ ሳይደርስም ቢሆን ቄስ ተጠርቶ እንደሚጠመቅ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። እናቴም ታውቃለች። ግን የተማረ ሰው ቤቷ አለና ጠየቀች።

«አባባ፣ ቄሱን ላስጠራ ይሆን?»

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» አሉ አባባ። «የቀረው እኮ ምንም አይደል። አባቷ በመንገድ ላይ ነው። ለጉንፋን ብለሽ በስርቆሽ ልታስጠምቂያት ነው?»

እናቴ ቆጣ ስላሏት ደስ ያላት መሰለኝ። እሳቸው ካልሰጉ የሚያሰጋ ነገር የለም ብላ ይሆናል። እትዬ ዘይነባ ግን በማግሥቱ ገብታ ልጅቷን አቅፋ ስታበቃ፣ «ወላሂ ትንፋሿ አላማረኝም፤ የምታደርጉላት ነገር ካለ ቶሎ አድርጉላት» አለች። እናቴ ወደ አባባ ተመለከተች። አባባ ወደ እሳቱ ይመለከቱ ነበር።

መስቀሌ የሞተችው ከመስቀል ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ጧት፣ በእናቴ ጭን ላይ ነው። ቄሱ ሲጠሩ መጡ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ምን ላድርግ፣ ሥርዓት ነው» አሏት። ላልተጠመቀ ፍትሐት አይደረግም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥም አይቀበርም። የሚጠራበት የክርስትና ስም እንኳ የለውም። ስለዚህ አባባና የእትዬ ዘይነባ ባል ሄደው ከግንቡ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቀበሯት። እናቴ የአራስነት ቀኗ ስላላለቀ ወደ ግቢው መግባት አይፈቀድላትም ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን መግባት አላስፈለጋትም። ልጇም እሷም ከውጭ ነበሩ።

አባቴ የደረሰው በመስቀል ዋዜማ ነው። መኪናቸው ጥያ አካባቢ ጭቃ ይዞት አድሮ ነበርና እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ፣ ነጯን የክርስትና ልብስ ግን እንዳትቆሽሽ ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ገባ። የነገረው ሰው አልነበረም። እናቴ ልብሷን ተቀብላ አጣጥፋ ከአልጋዋ ራስጌ አስቀመጠችና እግሩን አጠበችው። በማግሥቱ በሬው ታረደ፤ መስቀል አይቀርምና ዘመድ መጣ፣ ክትፎው ቀረበ፣ እናቴ ላንዱም ሳትጎድልበት አስተናገደች። አባቴ በልቅሶና በድግስ መሐል ሰንብቶ ወደ መርካቶው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው እናቴ እየጨለመች የሄደችው። አንዷ ሴት ለለቅሶ መጥታ፣ ለማጽናናት ብላ ይሁን ለምን እንጃ፣ «ያልተጠመቀ እንግዲህ ለዘላለም ከደጅ ነው፤ ስለሷ ማልቀሱን ተይውና ሌላ እንዲሰጥሽ ለምኚ» ብላት ሄዳ ነበር። ያ «ለዘላለም» እናቴ ላይ ተቀመጠ። ትሠራለች፣ እንሰቱን ትፍቃለች፣ በርበሬውን ታሰጣለች፤ መሐል ላይ እጇ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ከእትዬ ዘይነባ ጋር በርበሬ ሲለቅሙ ሰማኋቸው።

«የኛ ሕፃን ሲሞት ቀጥታ ጀነት ነው» አለች እትዬ ዘይነባ። «ጥያቄም የለበት፣ ሒሳብም የለበት።»

«ምነው ታዲያ ያንቺ ባደረጋት» አለች እናቴ።

«ተይ እንጂ እህቴ። አላህ የማን ልጅ ነሽ ብሎ ሕፃን ያባርራል?»

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና «አንቺ ደግሽ ነሽ» አለቻት። ከዚያ ሁለቱም በርበሬያቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ሲጠነክር፣ አንድ ማታ አባባ ሳይለመኑ ኩራዙን አብሩልኝ አሉ። ለብዙ ሳምንታት ተረት አልነገሩንም ነበርና እኔ ደስ ብሎኝ ሮጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥቁሩን መጽሐፍ ገለጡ። ለኔ እንዳልሆነ የገባኝ ዓይናቸውን ከእናቴ ላይ ስላልነቀሉ ነው።

«ልጄ» አሏት፣ «ያቺ ሴትዮ የምታወራውን አታውቅም። ዘላለማዊ ቅጣት የተባለው እዚህ እንዴት እንደተጻፈ ልንገርሽ። በዚያ በኤዮን ነው የተጻፈው። የነገርኳችሁ ቃል። ኤዮን ደግሞ ዘመን ነው። ረጅም ይሆናል፣ እኛ አናየውም ይሆናል፤ ግን ዘመን ነው። ዘመን ደግሞ ያልቃል።»

እናቴ ቆጮ የምትቆርስበትን እጇን አቆመች። «ያልቃል?»

«ያልቃል።»

«ሲያልቅስ ትገባለች?»

«ትገባለች እንጂ! ከደጅ ቆማ ትቀራለች?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የእናቴ ፊት ያኔ ተከፈተ። በዚያች የኩራዝ ብርሃን ከሐምሌ ወዲህ ያላየሁትን ፊቷን አየሁ። ተነስታ መጥታ ከአባባ እግር ሥር ተቀመጠችና ማንበብ የማትችለውን ገጽ አጎንብሳ ታየው ጀመር። ቃሉ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቀቻቸው። አሳዩዋት። በጣቷ ነካችው። ቆየት ብላ ግን ጣቷን ሳታነሳ፣ በቀስታ፣ «የጻድቃኑስ?» አለች።

«ምኑ?»

«ሕይወታቸው። የተክሌ። ተክሌ ተጠምቋል፣ ቆርቧል፣ ከውስጥ ነው ያለው። ዘላለማዊ ሕይወት የተባለው የሱ በየትኛው ቃል ነው የተጻፈው?»

እሳቱ ውስጥ እንጨት ተሰብሮ ወደቀና ብልጭታው ተነሳ። አባባ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ከሳቸው ሌላ ያንን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በአገሩ አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ቢዋሹ ኖሮ እላለሁ። ግን ስለ ቃል መዋሸት የማይችሉ ሰው ነበሩ።

«በዚሁ ነው» አሉ። «እዚያው መስመር ላይ። ሁለቱም ባንድ ቃል ነው።»

«እንግዲያው የሱም ያልቃል።»

«የሱ… የሱ እንኳን ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ሕይወቱ ከእግዚአብሔር…» ብለው ጀመሩና አቋረጡ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አቋረጡ። አባባ ወልዴ ቃል ሲያጥራቸው ያየሁት ያን ማታ ብቻ ነው።

እናቴ ጣቷን ከገጹ ላይ አነሳች። «አባባ» አለቻቸው፣ ድምፅዋ ሳይቆጣ፣ «እኔ አልተማርኩም። ግን ለሷ በር ልከፍት ብዬ የሱን ቤት አላፈርስም። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ይዝጉት ይህን መጽሐፍ።»

ዘጉት። ኩራዙን እናቴ ራሷ እፍ ብላ አጠፋችው፤ ተነስታም ቆጮውን ቆራርሳ እራት አቀረበችልን።

ከዚያ ወዲያ አባባ ተረት አልነገሩንም። እኔ የልጅ ነገር ሆኖብኝ አንድ ሁለቴ ለመንኳቸው፤ «አለቀ ልጄ» ይሉኛል፣ ወደ እሳቱ እንዳዩ። የእትዬ ዘይነባ ልጆችም መምጣት ተዉ። አባባ «ያን ቀን ቄሱን ጥሪ ብያት ቢሆን ኖሮ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እናቴም አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ነዎት አላለቻቸውም። ሁለቱ በአንድ እሳት ዙሪያ እየተቀመጡ፣ እሷ ምግባቸውን እየሰጠች እሳቸውም እየመረቋት፣ ያንን ነገር ሳያነሱት ዓመታት ኖሩ። ጠብ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጠብ ሽማግሌ ገብቶ ይጨርሰዋል። አባባ በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፋና መጽሐፉም ከእጃቸው ተለየ። ሲሞቱ በሥርዓቱ ከግቢው ውስጥ ተቀበሩ።

እናቴ የአራስነት ቀኗ አልቆ መግባት ከተፈቀደላት በኋላም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልገባችም። እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄድና ከግንቡ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ በኩል ቆማ ታስቀድሳለች። ዝናብም ቢሆን እዚያው ናት። ሴቶቹ መጀመሪያ ግቢ እንጂ እያሉ ይጎትቷት ነበር፤ «እዚህ ይሻለኛል» ትላቸዋለች። ስለት አለባት እያሉ በኋላ ተዉዋት። እኔ ከጎኗ ስቆም አንዳንዴ በእግሯ ጫፍ ሣሩን ስትነካካ አያለሁ። ምልክት አላደረገችም፣ ድንጋይም አላስቀመጠችም፤ ያልተጠመቀ መቃብር ላይ ምልክት ማድረግ ነውር መስሏት ይሆናል።

እኔ አድጌ ወልቂጤ ተዳርኩ። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው እናቴ ታማለች የሚል መልእክት ደረሰኝ። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ስደርስ ሞታ ነበር፤ ልቅሶው ተጀምሯል፣ መቃብሩም ተቆፍሯል። የለመነችውን የነገረችኝ እትዬ ዘይነባ ናት። አባቴን እጁን ይዛ «እኔን ከሷ ጋር ከውጭ ቅበሩኝ፤ ተክሌ ብዙ ሰው አለው» ብላዋለች። አባቴ አለቀሰ እንጂ እሺ አላላትም።

«ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ፣ ዓይኑ አብጦ። «የተጠመቀች፣ የቆረበች ሴት ከግንብ ውጭ ስትቀበር ሲያይ ራሷን አጠፋች አይልም? ስሟን ላጥፋ?»

እሱም ያዘነ ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት መርካቶ ሲሰፋ ኖሮ ለልጁ ያደረሰላት አንድ ልብስ ብቻ ነበር፣ እሱም ሳይለበስ የቀረ።

ዛሬ አርጅቼ ስለዚያ ቃል ሳስብ፣ አባባ ስለ ኤዮን የነገሩን ሁሉ እውነት እንደነበረ አውቃለሁ። ትንሽ ሆኖ ተወልዶ ትልቅ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። ልጅ ሆኜ ከሰማሁት ግን አብሮኝ የቀረው ከሁሉ በፊት የነበረው ትርጉሙ ነው፤ ሰው ሲያለቅስ ከእንባው ጋር የሚፈሰው። ያ ትርጉም ሊቅ አያሻውም፤ እናቴ ላይ ሲፈስ በዓይኔ አይቼዋለሁና። አንድ ወጣት ቄስ በቅርቡ ይህን ታሪክ ነግሬው፣ የእግዚአብሔር ቸርነት ከሥርዓት ይሰፋል እማማ፣ አይጨነቁ አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ይህን ለሷ የሚላት ቄስ ግን ያኔ አልነበረም፤ እኔ አሁን ብሰማው ምን ያደርግልኛል።

እናቴን ከውስጥ፣ ከተክሌ አጠገብ ቀበርናት። ቄሶቹ ፍትሐቷን አንድም ሳያጎድሉ አደረሱላት፤ በክርስትና ስሟ ጠሯት። «ለዓለመ ዓለም» ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ «አሜን» አለ። ሰው ሲበተን እኔ ብቻዬን ግንቡን ዞሬ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄድኩ፤ ከእናቴ መቃብር አፈር ቆንጥሬ ይዤ ነበር፣ መስቀሌ ላይ ላደርግላት። ሣሩ ረዝሞ ነበር። ከዛፍ ወደ ዛፍ እየሄድኩ በእግሬ ፈለግኩ፣ ተንበርክኬ በእጄ ፈለግኩ። ቦታውን አላገኘሁትም። የቀበሯት ሁለቱም ሞተዋል፤ የት እንደሆነ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች።